«ለምደውታል»

ሀዋሳ ለሽርሽር የወረደ ሁሉ የሚያውቃት ወግ አለች። ቡሹሎ ሀይቁ ዳር ልጆች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይንቦጫረቃሉ፤ አንዷ ጀሪካን ትሞላለች፣ ሌላዋ ልብስ ታጥባለች። ከመሀላችን አንዱ «ይሄ ውሃ ቢልሃርዚያ የለበትም እንዴ?» ይላል። «ለኛ ነው እንጂ እነሱን ምን ያደርጋቸዋል? ሰውነታቸው ለምዶታል!» ይባላል። ከዚያ ወደ አሳችን እንመለሳለን።

እኛም ብለናታል። ስለዚህ የዛሬው ጠብ ከራሳችንም ጋር ነው።

ወጓ የምታሳስተው ግማሽ እውነት ስላላት ነው። ቢልሃርዚያ በሀዋሳ ሀይቅ ዳርቻ መኖሩ በተማሪዎችና በአሳ አስጋሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። ትሏ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥታ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስታ ትገባለች። እሷን አይቶ የማያውቅ የከተሜ ሰውነት ከሳምንታት በኋላ ደንግጦ ትኩሳት ሊለቅበት ይችላል። የሀይቁ ዳር ልጅ ላይ ግን ይሄ ትኩሳት እምብዛም አይታይም። እኛ ደግሞ ዝምታውን ጤና ብለን ተረጎምነው።

ዝምታው ከየት መጣ? ትሏ ከሰውየው ደም ሞለኪዩሎች እየወሰደች ገላዋ ላይ ትለጥፋለች፤ በሰው መታወቂያ ኬላ እንደሚያልፍ ኮንትሮባንዲስት በሉት። ነጭ የደም ህዋሳት ሲፈትሿት የቤት ልጅ ትመስላቸዋለች። እንዲህ ተደብቀው አንጀት አካባቢ ባሉ ደም ስሮች ውስጥ፣ ወንዱ ሴቷን አቅፎ፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 አመት ይኖራሉ። (ትዳር ማለት ይሄ ነው የሚል ካለ አስተያየቱን ለራሱ ይያዝ።)

እንቁላሎቹ ግን መደበቅ አይችሉም። በቀን መቶና ከዚያ በላይ ይጣላሉ፤ ከፊሉ ከሰገራ ጋር ሲወጣ የቀረው አንጀትና ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። የሰውነት መከላከያ ይሄኔ ይነሳና እያንዳንዱን እንቁላል በህዋሳት ከቦ ያጥረዋል። አጥሩ ውሎ አድሮ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ሲበዛ ጉበት ይደድራል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲብስ ደም ማስታወክ ይመጣል። ጉበትን በዋናነት የሚጎዳው ትሏ ሳትሆን መከላከያው የከፈተው ጦርነት ነው። «ለምደውታል» ያልነው እንግዲህ ይሄንን ነው።

እውነተኛ መቋቋም የለም ወይ? ከፊል የሆነ አለ። ትሎቹ በእድሜ ወይም በመድኃኒት ሲሞቱ የደበቁት ገላ ይገለጣል፤ ሰውነትም ያኔ ይማራል። ትምህርቱ ግን አመታት ይፈጃል። ትል በብዛት የሚገኘው ልጆች ላይ የሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ያቺ ጀሪካን የምትሞላው ልጅ ገና አንደኛ ክፍል ናት ማለት ነው።

ፕራዚኳንቴል ትውሰድ? አዎ፣ ትውሰድ። የጎለመሱትን ትሎች ይገድልላታል። ነገ እዚያው ውሃ ስትገባ ግን እንደገና እንዳትያዝ አያደርጋትም። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ያስተዋለው በ1964 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በ1989 ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። በዚህም ደረታችንን ነፍተን እናወራና ወደ አሳችን እንመለሳለን።

ጎበዝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ለምደውታል» የሚል ሲገኝ ቧንቧው የት ጋ እንደሆነ ጠይቁት። ሽንት ቤቱስ? እናንተም ዋኝታችሁ ከሆነ ከሁለት ወር በኋላ ሰገራችሁን አስመርምሩ፤ እናንተማ አልለመዳችሁትም።