ቦታው ይቀየር፣ ዋጋው ይቆይ

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። የሽንኩርት ነጋዴ በአንድ ቀን ቦታውንም ዋጋውንም ቢቀይርና በማግስቱ ደንበኛ ቢጠፋ፣ ደንበኛውን ያራቀው የቱ ነው? የመንገዱ ርቀት ወይስ የዋጋው ንረት? ነጋዴው ራሱም አያውቀውም!

ይህ ጥያቄ የመጣብን የአትክልት ተራን ነገር ስናነሳ ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ ሜዳው ለ2013ቱ ጥምቀት ሲፈለግ ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ኮድ የምንጽፍ ሰዎችም እንዲህ ዓይነት ዝውውር በየቀኑ እንሠራለን። የተደጋገመውን እንሰበስባለን፣ ግራ የሚያጋባውን ስም እንለውጣለን፤ ፕሮግራሙ የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው። ሪፋክተሪንግ የሚባለው ይኸው ነው።

ጣጣው የሚመጣው «ትንሽ ናት» ሲባል ነው። ባልደረባችን አሥር መስመር ይልክልናል፤ እኛም ማኪያቷችንን እየጠጣን «ጥሩ ነው፣ ይግባ» እንላለን። ከአሥሩ አንዷ ግን «ያንሳል» የነበረውን «ያንሳል ወይም እኩል ነው» አድርጋዋለች። ሂሳቡ ሲዛባ ያኔ ፍለጋ ይጀመራል።

የኮድ ታሪክ የምንመዘግብበትን ጊትን እንይ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ከዚያው ዓመት ወዲህ የሚመራው ጁኒዮ ሃማኖ ነው። እዚያ አዲስ ገቢዎች የሚለማመዱት በጥቃቅን ማስተካከያ ነው፤ ለምሳሌ ፋይል መኖሩን ዝም ብሎ የሚፈትሽን ትእዛዝ፣ ፋይሉ ሲጠፋ በሚናገር መተካት። ይህችው ትንሽ ለውጥ እንኳ ከነማብራሪያዋ ትመረመራለች። ለምን አስፈለገች? ሌላ ነገርስ ተቀላቅሎባታል? ሁለት ሐሳብ ከያዘች ለሁለት ትከፈላለች።

«ጊዜ የለንም» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም ብለን እናውቃለን! ግን አስቡት፤ ጊት ጥፋት ያመጣውን ለውጥ ታሪኩን በየግማሹ እየከፈለ የሚፈልግ ባይሴክት የሚባል ትእዛዝ አለው። ዝውውሩና የዋጋ ለውጡ በአንድ ጆንያ ከታሰሩ ግን ባይሴክት ጆንያውን ያገኝልናል እንጂ የበሰበሰውን ሽንኩርት አይለይልንም። ያንን በእጃችን መልቀም ነው።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ላኪው ዝውውሩን ለብቻ፣ ለውጡን ለብቻ ይላክ። ተቀባዩም እናቶቻችን ቲማቲም ሲገዙ እንደሚያደርጉት ከላይ ያለውን አንስቶ ከሥር ይመልከት። ሳይቃጠል በቅጠል!

ቸር ይግጠመን።