ደዌን የኃጢአት ምሳሌ አታድርጉ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በቅርቡ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በምኖርበት ሰፈር፣ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ስለ አንድ ልብ ወለድ ተከራከርሁ። መጽሐፉ ካናዳዊው አለን ስትራተን በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው «የቻንዳ ምሥጢሮች» ነው። ቻንዳ እናቷ በኤድስ የታመመችባት፣ ታናናሾቿን የምትጠብቅ፣ ከጎረቤት ሐሜት ጋር የምትታገል የ16 ዓመት ልጃገረድ ናት።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ «ደራሲ በሽታን በከንቱ አያመጣም፤ እዚህ ላይ የኃጢአት ምሳሌ ነው» አለኝ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ ግን ይህን አተረጓጐም አጥብቄ እቃወማለሁ።

ምሳሌ ፈልግ ከተባልሁ፣ የማሳየው በሽታውን ሳይሆን መሸፈኛውን ነው። ጎረቤቷ የልጃቸውን አሟሟት በአደን አደጋ ወሬ ይሸፍናሉ፤ ታማሚዋ እናትም ልጆቿን ትታ፣ ከሰው ዓይን ርቃ ወደ ገጠር ትሄዳለች። ደራሲው የሚከሰው እውነቱን በስሙ ለመጥራት የማይደፍረውን አፍ ነው። ቻንዳ እናቷን ወደ ቤቷ በመለሰቻት ጊዜ ሞት አልተሸነፈም፤ የተሸነፈው እፍረት ነው።

«አተረጓጐም ማንን ይጎዳል?» የሚል ቢኖር፣ በዚሁ ክፍለ ከተማችን ያለውን የዘነበወርቅን ሰፈር ያስብ። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው በዚያ ነው። የሥጋ ደዌን የሚያመጣው ኖርዌያዊው ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘው ተህዋስ ነው፤ እርግማን አይደለም። ዛሬም በጥምር መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር በሚሆን ጊዜ ይድናል። ነገር ግን ሰው ደዌውን የቁጣ ምሳሌ አድርጎ ስለ ተረጎመው፣ ገላው ጤነኛ የሆነ ልጅ እንኳ የሰፈሩን ስም ለመናገር ይሳቀቅ ነበር። ወላጁ ከደዌው ቢድን፣ ልጁ ከምሳሌው አልዳነም።

የኢዮብ ወዳጆች ስሕተትም ይኸው ነበር፤ ቁስሉን አይተው ኃጢአት አነበቡበት፤ ፈጣሪም ተቆጣቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ በሽተኛውን ይወቅሳል፤ እኔ ግን የሚያስደብቀውን እወቅሳለሁ፤ እርሱም እኛ ጎረቤቶችና አንባቢዎች ነን። ስለዚህ ልጆቼ፣ ስታነቡ ምሳሌ መፈለጋችሁ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከአጠገባችሁ የተቀመጠው ጓደኛችሁ እናቱን ሲያስታምም አድሮ የመጣ ሊሆን እንደሚችል እያሰባችሁ ተርጉሙ።