«እሺ» ሁሉ አንድ አይደለም

«እሺ ይበልጣል ከሺ» ይላሉ አባቶቻችን። ቃሉ ለጐረቤት ፍቅርና ለሽማግሌ ዕርቅ የሚስማማ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ በሚጻጻፉ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ይህን ተረት እንደ መመሪያ ይዘው፥ የመስማማትንና የማረጋገጥን ቃላት ሁሉ እንደ አንድ ቈጥረው የሚጽፉ ሰዎች ስላሉ፥ ነገሩን በዝምታ ማለፍ የሚገባ አይመስለንም።

እነዚህ ሰዎች ሲነገራቸው የሚሰጡት መልስ፥ «አሳቡ ከተገለጠ ስለ ቃሉ ምን ቸገረን?» የሚል ነው። እኛም መልሰን እንጠይቃቸዋለን፤ አሳብ በቃል ካልሆነ በምን ሊገለጥ ኖሯል?

አንድ ነጋዴ በዕቃው ላይ ዋጋ መጨመሩን ለአንድ መሥሪያ ቤት ጻፈ እንበል። ጸሓፊው የደብዳቤውን መድረስ ብቻ ለማስታወቅ ፈልጎ «ኮንፈርም» በሚለው ቃል ቢመልስለት፥ ነጋዴው ጭማሪው ጸደቀልኝ ብሎ ዕቃውን ይጭናል። «ኮንፈርም» ጽኑ ከሚል የላቲን ሥር የወጣ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ የተባለውን ማጽናት፥ ወይም እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ለጸሓፊው የሚያስፈልገው «አክኖውሌጅ» ነበር፤ ይህ ደብዳቤው ደርሶናል ከማለት አልፎ በውስጡ ባለው ነገር አያስገድድም። «አፕሩቭ» ደግሞ የመፍቀድ ሥልጣን ላለው እንጂ ለማንም የተሰጠ ቃል አይደለም። «አግሪ» እንኳ በተከታዩ መስተዋድድ ይለወጣል፤ «አግሪ ዊዝ» የሌላውን አሳብ መጋራት ሲሆን፥ «አግሪ ቱ» የቀረበውን ጥያቄ እሺ ብሎ መቀበል ነው። በአሳብ የተስማማ ሁሉ ገንዘብ ለመክፈል የተስማማ አይደለም።

«ባለ ቋንቋዎቹ ራሳቸው ይቀላቅሉት የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፥ በጨዋታ ይቀላቅሉታል፤ በውል ላይ ግን አንዱን ቃል ከሌላው ለመለየት ጠበቃ ቀጥረው ይከራከሩበታል።

ይህን ትንሽ ነገር ነው የሚል ቢኖር የውጫሌን ውል ያስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው በዚያ ውል፥ በ17ኛው አንቀጽ፥ አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ያላቸውን ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መፈጸም «ይቻላቸዋል» ሲል፥ ኢጣልያንኛው «ኮንሴንቴ»፥ ማለት «ይስማማሉ» አለ። እንግሊዝኛው «ኮንሰንት» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ኢጣልያ በዚያች አንዲት ግሥ ተመርኵዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች፤ ክርክሩም ወደ ጦርነት አድጎ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተቈረጠ።

አማርኛችን እንዲህ ባለው ልዩነት ድኻ አይደለም። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ የሥር ፍርዱን ያጸናል፤ ምክር ቤት ውሉን ያጸድቃል፤ ምስክር ያየውን ያረጋግጣል፤ ተከሳሽ ጥፋቱን ያምናል፤ መዝገብ ቤት ደብዳቤውን ይቀበላል። በገዛ ቋንቋው ይህን የሚለይ ሰው በባዕድ ቋንቋ ሲጽፍ ማደባለቁ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የትጋት ማነስ ነው።

ስለዚህ መምህራን እነዚህን ቃላት ከነመስተዋድዳቸውና ከሚያስከትሉት ግዴታ ጋር ያስተምሩ። ሹሙም ከመፈረሙ በፊት፥ «ደረሰኝ ነው ያልሁት? እውነት ነው ነው ያልሁት? ወይስ እከፍላለሁ ብያለሁ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳልና።