ዙላ፦ የመውጫውም የመግቢያውም በር

ከምጽዋ ወደ ደቡብ ሲኬድ ቀይ ባሕር ወደ የብስ ዘልቆ የገባበት የዙላ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። አፉ ወደ ሰሜን የተከፈተ ነው፤ በምሥራቅ የቡሪ ባሕረ ገብ ምድር ይከልለዋል፤ ከፊቱ የዳህላክ ደሴቶች ተበትነዋል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ሥፍራው በእርሷ ግዛት ውስጥ ነው።

የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረችው አዱሊስ በዚህ ዳርቻ ነበረች። የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ ወደ ውጭ አገር የሚጫነው ከእርሷ ነበር። በ6ኛው ምዕተ ዓመት አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ሲዘምቱ መርከቦቻቸው የተነሡት ከዚሁ ነው። በዚያው ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በአዱሊስ የድንጋይ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ገለበጠ። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ቃሉ ግን በእርሱ ግልባጭ ተረፈ። የከተማይቱም ፍርስራሽ፣ ወንዝ ያመጣው ደለል ባሕሩን ስላራቀው፣ ከውኃው ርቆ ይታያል።

በር ግን የሚያስወጣውን ያህል ያስገባል። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት የተላከው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ መውረድ የጀመረው በዙላ ነበር። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች መጡ፤ የባሕሩን ውኃ በእንፋሎት እያጣሩ ጠጡ፤ ወደ ተራራው ግርጌ የሚወስድ ሐዲድ ዘረጉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ።

ጦሩ ሲመለስም መንገዱ ይኸው ነበር። የመቅደላን ብራና፣ መስቀልና ጽላት 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተሸክመው ወረዱ። የወርቁ ዘውድ ዛሬም ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

ከዕቃው ጋር አንድ ልጅም ወጣ። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ገና የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ትግራይ ላይ፣ ባሕሩን ሳያዩ፣ በመንገድ አረፉ። ልጁ ከዙላ በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት አፅሙ እንዲመለስ በ2007 ጠየቀ፤ በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ሲል መለሰ።

በሰው አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ስለ አዱሊስ ሲያወራ የካሌብን መርከቦች ብቻ አይንገር። በዚያው በር ወጥቶ ሳይመለስ የቀረውንም ልጅ ያንሣለት።