ጤዛ ዛሬም ይታያል?

“ደግሞ ደርግ? እናንተ ሰዎች አይሰለቻችሁም እንዴ?”

ይህን ያለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቅዳሜ ማታ፣ አቶቴ ቤታችን ውስጥ፣ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ የኃይሌ ገሪማን “ጤዛ” ልከፍት ስል ነው ያለኝ። ልጁ የተወለደው በምርጫ 97 ዓመት ነው። ለእርሱ ደርግ ማለት አባታችንና አጎታችን ቡና ላይ ሲያነሡት እርሱ ስልኩን የሚያወጣበት ወሬ ነው። አልፈረድኩበትም። እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ የደርግ ዘመን የሚባለው ፈተና ላይ ስለሚመጣ የሚሸመደድ ነገር ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ትይዛለህ፣ “ቀይ ሽብር” የምትለዋን ምርጫ ታከባለህ፣ ታልፋለህ። አለቀ።

ስለዚህ የልጁን ጥያቄ በቁም ነገር ልውሰደው። “ጤዛ” ድሮ ተሸልሟል፣ ተጨብጭቦለታል፣ ትልልቆቹ ሁሉ “ማየት አለባችሁ” ይሉናል። እኛ ግን የምንኖረው በአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ዘመን ነው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሌላ ትውልድ ቁስል ማየት ምን ያደርግልናል?

መጀመሪያ ስለ ሽልማቱ፤ ቶሎ ልለፈውና። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2008 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 2000 መሆኑ ነው። ያ ሁሉ የሚሊኒየም ፌሽታ ሊያበቃ አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። (ዳኞቹን የመራው ጀርመናዊው ዊም ቬንደርስ ነበር። ፊልሙ ጀርመንን እንዴት አድርጎ እንደሚያሳያት ያየ ሰው ይህቺን ነገር ልብ ይላታል።) በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ይህ ሁሉ ያኮራል። ግን ሽልማት ፊልም አያስመለክትም። እኔ ራሴ ተሸላሚ የተባለ ፊልም ከፍቼ እንቅልፍ የወሰደኝ ጊዜ ብዙ ነው።

ይልቅ ሌላ ነገር ላንሳ። እስቲ ቁጠሩልኝ፤ የፖለቲካ ድራማ የምትሉት የአገራችን ሥራ ስንት ነው? ቴሌቪዥናችን ቤተሰብ አሳይቶናል፣ ወንጀል አሳይቶናል፣ ሀብታምና ድሃ ሲፋቀሩ እስኪበቃን አሳይቶናል። ፖለቲካ ሲመጣ ግን ዘወር ማለት ይወዳል። የፋናው “ምን ልታዘዝ” እንኳ አገሪቱን አንዲት ካፌ ውስጥ አስገብቶ ነው የቀለደው። ይህ ዘወርታ የቆየ ልማድ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም “ፋቡላ” ሹማምንቱን የተናገረው በአውሬዎች አፍ ነበር። እንዲያም ሆኖ ታግዷል! ቅኔና ሰም ለበስ ነገር እወዳለሁ፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን አንዳንዴ ሰው አውሬም ካፌም ሳይሆን ራሱን ሆኖ መታየት አለበት። “ጤዛ” እንዲያ ያደርጋል። ደርግን ደርግ ይለዋል፣ ገዳይን ገዳይ ይለዋል፣ የተማረውንም ሰው አይምረውም።

ታሪኩ አንበርብር ስለሚባል ሰው ነው። በ1982 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ፣ ወደ አሮጊት እናቱ ይመለሳል። አንድ እግር የለውም። እንዴት እንዳጣው ራሱም በቅጡ አያስታውስም። ከዚያ ፊልሙ ከሰውየው ቅዠት ጋር ወደ ኋላ ይሄዳል። ጀርመን፣ የተማሪነት ዘመን፣ እስከ ንጋት የሚዘልቅ የማርክስና የሌኒን ክርክር። ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ አብዮቱ፣ ጓደኛው ተስፋዬ። ተስፋዬ ሐኪም ነው፤ ሚስቱንና ልጁን ጀርመን ትቶ “አገሬን ላገልግል” ብሎ የመጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ፊልሙ ውስጥ በግልጽ ስለማይነገር። እነዚያ የጀርመን ተማሪዎች ክርክር ተራ የልጆች ጨዋታ አልነበረም። መኢሶን የተመሠረተው በ1960 ዓ.ም. ሀምቡርግ ላይ ነው። ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ። በኋላ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ የተጋደሉት ሁለቱ ድርጅቶች የተጸነሱት በዚያች አገር፣ በእንዲያ ያሉ ክፍሎች ውስጥ ነው። ይህን አውቃችሁ ስታዩት የወጣቶቹ ሳቅና ጭፈራ ሆድ ያባባል።

አሁን ደግሞ ጉድለቱን። ፊልሙ ይከብዳል፤ ይህን ደብቄ “እዩት” ብላችሁ ትሰድቡኛላችሁ። ጊዜው ይዘላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይዘላል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ የት እንዳላችሁ ይጠፋችኋል። ቅዠቱ አንዳንዴ ይበዛል። የጀርመኑ ክፍል ላይ ሰዎቹ የሚነጋገሩ ሳይሆን ጽሑፍ የሚያነቡ የሚመስሉበት ቦታ አለ። በዚያ ላይ ፊልሙ የተማረውን ሰው ስቃይ ከገበሬው ስቃይ በላይ በቅርበት ያያል የሚል ጓደኛ አለኝ። ከፊሉን እቀበለዋለሁ። ግን አዛኑን ረስቷታል። አዛኑ መንደሩ ያገለላት፣ በአንበርብር እናት ቤት የተጠጋች ሴት ናት። አንድም መፈክር አታሰማም፤ ለእኔ ግን ከወንዶቹ ሁሉ ይልቅ የምትታመን ሰው እርሷ ናት። ወጣቶቹ ልጆችስ? ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ደርግ ብሔራዊ ውትድርናን በ1975 ዓ.ም. ካወጀ በኋላ እናት ልጇን የምትደብቅበት ስታጣ ምን እንደምትሆን መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። እዚህ ግን የእናቲቱን ፊት ታያላችሁ። ሙዚቃውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። ጆርጋ መስፍን ከቪጄይ አይየር ጋር የሠራው ነው፤ ሐይቁ ላይ ሲፈስ ሐዋሳ ያደገ ሰው ጣና መሆኑን ይረሳዋል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። አንድ ሰዓት ከምናምን ያህል ስልኩ ላይ ነበር። ቀና ያለው ተስፋዬ ሲገደል ነው። ሐኪሙ በሥራ ቦታው፣ አብዮቱን እንጠብቃለን በሚሉ ሰዎች እጅ ይሞታል። ጦር ሜዳ አይደለም፣ እስር ቤት አይደለም። ሰው ጠዋት ደህና አደራችሁ ብሎ የሚገባበት ሕንፃ ነው። አንበርብር እዚያው አለ፤ ያያል።

“ይተዋወቃሉ እንዴ?” አለ ወንድሜ።

ፊልሙን አቆምኩት። “ማን?”

“ገዳዮቹና እርሱ።”

ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። ምክንያቱም ልጁ የጠየቀኝ ስለ 1969 እና 70 አልመሰለኝም። ወይም እኔ እንዲያ አልሰማሁትም።

ሰኔ 2010 ላይ ወንድሜ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ሐዋሳ ያ ሳምንት ምን እንደነበረች እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ ከተማው በሰው ተሞልቶ፣ ደስታ ሊሆን የሚገባው ነገር ወደ ሌላ ዞረ። ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ከቤታቸው ወጥተው ተጠለሉ። በማግስቱ ባጃጅ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ፒያሳ ጭር። እኛ ሰፈር ደግሞ የሆነች ነገር ሆነች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችንን በር የሚደበድቡ ልጆች መጡ። ማን የማን ወገን እንደሆነ አልጽፍም፤ ቢገለበጥም ያው ነው። ከልጆቹ ውስጥ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ከአንደኛው ጋር ኳስ ተጫውቻለሁ። እኔ ከበራችን ጀርባ ቆሜ ነበር፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ አያለሁ። ዩኒቨርሲቲ የበጠስኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ሰብአዊ መብት ወረቀት አቅርቤ ውጤቱ ኤ ነበር። በሩን ከፍቼ “አንተ፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ?” ማለት እችል ነበር። ስሙን እንኳ መጥራት ይበቃ ነበር ይሆናል። አልጠራሁም። ጎረቤቶቻችን ቀድመው በጓሮ ወጥተው ስለነበር ሰው አልተጎዳም። ዕቃው ተወሰደ። በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ለወራት ቆዩ፣ ከዚያ ቤቱን ለቀው ሄዱ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ሰላም ስንባባል እኔ ዓይኔን መሬት ላይ እተክል ነበር።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ቅዳሜ ማታ ለወንድሜ ነገርኩት፤ ተስፋዬ ስክሪኑ ላይ እንደቆመ።

እንግዲህ “ጤዛ” ይታያል የምልበት ምክንያቴ ይህ ነው። ትልልቆቹ “እዩትና የደርግን ክፋት ተማሩ” ይሉናል። እርሱን እናውቃለን! የደርግን ክፋት ለመረዳት መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አንድ ጊዜ መጎብኘት ይበቃል፤ የራስ ቅሉ ተደርድሮ ይታያል። ፊልሙ የሚያሳየን ሌላ ነው። ደግ ነው፣ ተምሯል፣ አልገደለም፤ አይቷል። ከዚያ በኋላ ያ ያየው ነገር እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ከሰው ይለየዋል፣ ቤቱ ገብቶም ቤቱ አይሆንለትም። ስለ ገዳይ የተሠራ ፊልም መዓት ነው። ስለ ተመልካች የተሠራ ስንት አለን?

ከዚያ ሰኔ ወዲህ ስንት ነገር እንዳየን ደግሞ ቁጠሩ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 መጣ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔው በሰላም ሲያልፍ ከተማው ሁሉ ተነፈሰ። ዓመት ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አብዛኞቻችን ምን ነበርን? አልተኮስንም፣ አልዘረፍንም። ስልካችን ላይ አየን፣ አንዳንዴም “ላይክ” አደረግን። አንዱ ጓደኛዬ “ፊልሙን ከዘመኑ ጋር በግድ አታገናኘው፣ ያኔ ርዕዮተ ዓለም ነበር፣ አሁን ብሔር ነው” ይለኛል። ልዩነቱማ አለ። የበሩ ድብደባ ድምፅ ግን አንድ ነው፤ እኔ ሰምቼዋለሁ።

ስለ ጀርመን ክፍልም አንድ ነገር ልበል፤ “እኔ ከዚህ አገር ልጥፋ እንጂ” የምትሉ ብዙ ስለሆናችሁ። (እኔም በወር ሁለቴ እላለሁ።) አንበርብር እግሩን ያጣው በአገሩ አይደለም። ተስፋዬን ካጣ በኋላ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ፣ የበርሊን ግንብ በፈረሰበት ሰሞን፣ ጥቁር በመሆኑ ብቻ ዘረኛ ወጣቶች ከመስኮት ወርውረውት ነው። ፊልሙ በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. 2008 ግንቦት ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የውጭ ሰዎች ተገደሉ፣ ሱቆቻቸው ተዘረፉ። ከዚያ በኋላም በ2015 እና በ2019 ተደገመ። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ወደዚያ ስንቱ ወጣት እንደሄደ ለእናንተ አይነገርም፤ አብሮን የተማረ አለ። ኃይሌ ገሪማ ስደትን አያወግዝም፤ እርሱ ራሱ በ1960ዎቹ የፈረንጅ ዘመን ከጎንደር ተነሥቶ አሜሪካ የገባ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ያስተማረ ሰው ነው። ብቻ “እዚያ ሲደርሱ ያበቃል” የሚለውን ተስፋ ይነጥቃችኋል።

የምትከፍቱ ከሆነ ምክሬን ስሙኝ። በስልክ አትዩት፤ ሐይቁና ተራራው በመዳፍ ልክ አይገባም። በአንድ ማታም አትጨርሱት። ለሁለት ክፈሉት፤ ሲከፈል ይቀላል። ከቻላችሁ ከእናንተ በዕድሜ ከሚያንስ ሰው ጋር እዩት፤ ጥያቄው ከፊልሙ የማይተናነስበት ጊዜ አለ። ከትልቅ ሰው ጋር ግን ተጠንቀቁ፤ እኛ ቤት አባቴ አሥር ደቂቃ ቆሞ አየና ምንም ሳይናገር መኝታ ቤቱ ገባ። በሩን ዘጋው። እስካሁን አላነሣውም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ደግሞ በፍላሽ መቀባበላችን ያሳፍራል፤ ይህ ሰው “ሳንኮፋ”ን የሚያከፋፍልለት አጥቶ በራሱ ሲኒማ እየተከራየ ያሳየ ሰው ነው። በሕጋዊ መንገድ ስታገኙት ክፈሉና እዩ። እኔም ዕዳዬን አውቃለሁ።

ሁለተኛውን ግማሽ እሑድ ማታ አየነው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋብን። በመጀመሪያው ጨለማ ውስጥ ወንድሜ “ያ ኳስ የምትጫወተው ልጅ አሁን የት ነው?” አለኝ።

“ታቦር ሥር ሱቅ ከፍቷል” አልኩት። “በዚያ በኩል አልሄድም።”

መብራቱ መጣ፤ ፊልሙ ካቆመበት ቀጠለ።