«ሚኒሞ ጨምርለት» ጥገና አይደለም

ከጣርማበር ወደ መንዝ በሞተር የሚጓዝ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጥምዝ ሲመጣ ነዳጅ ይለቅቃል፣ ፍሪሲዮን ይይዛል፣ ፍሬን ይነካል። ሞተሩ ጭጭ ይላል። ረግጦ ያስነሳዋል፤ ቀጣዩ ጥምዝ ላይ እንደገና ይጠፋል። መሐል ሜዳ ሲደርስ ጋራዥ ይገባል። መካኒኩ ካቻቢቴውን ይዞ ይመጣና የሚኒሞዋን ብሎን ያጠብቃል፤ ሞተሩ እየጮኸ ይቀራል። «አለቀ!» ሒሳብ ተከፍሎ ይኬዳል።

አላለቀም። አደጋው ገና መጀመሩ ነው።

ሚኒሞ ማለት ነጂው ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በራሱ የሚሽከረከርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,500 ዙር አካባቢ። ብሎኗ የአየር ማስገቢያውን ትንሽ ከፍታ ትይዛለች፣ በቃ። የተደፈነ አትከፍትም፣ የተሰነጠቀ አትደፍንም፣ ቤንዚን ውስጥ የገባ ውሃ አታወጣም። በሚያፈስ ቤት ባልዲ መደቀን ጣሪያ መጠገን ከተባለ ይህም ጥገና ይባል።

ሜዳ ላይ ቢሆን ጉዳቱ ከነዳጅ ብክነት ላያልፍ ይችል ነበር። ሰሜን ሸዋ ግን ሜዳ አይደለም። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ አለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለቱ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያውቅ ነጂ ማርሽ አሳንሶ፣ ነዳጅ ለቅቆ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ያደርጋል። ሚኒሞው ከልክ በላይ የተጨመረ ሞተር ግን መያዙን ትቶ ወደፊት ይገፋል። ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። ሳይነካ ቢተውስ? በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ የሚበራው ሞተሩ እስከተሽከረከረ ድረስ ነው። ማታ፣ በክረምት ጉም፣ ጥምዝ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ መብራቱም አብሮ ይሄዳል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከጥምዙ ማዶ ምን እንዳለ አይነገረውም።

ስለዚህ ጥፋቱን መፈለግ ግዴታ ነው። ፍለጋውን የሚያስቀረው የመጀመሪያው ሰበብ ደግሞ «ከፍታው ነው» የሚለው ነው። ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ አደገኛ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ ያለ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሚኒሞው ይንገዳገዳል። እውነት ነው። ነገር ግን መሐል ሜዳ ባለፈው ወር ከነበረችበት ከፍታ አልተነሳችም። እዚያው ሲሠራ የከረመ ሞተር ዛሬ ፍጥነት ሲቀንስ መጥፋት ከጀመረ ተጠያቂው ተራራው ሳይሆን ከሞተሩ ላይ የተለወጠ አንድ ነገር ነው።

ምን ተለወጠ? ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሞተሩ ፎሌ ላይ በሰላም እየዞረ፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ፍሪሲዮን ተይዞ ሲቆም ብቻ ነው የሚጠፋው? እንግዲያው ካርቡሬተሩ ምን አደረገ? ፍሪሲዮኑ በደንብ አልለቀቀም፤ መጀመሪያ የሚታየው ገመዱ ነው። ሲጠፋ ቾክ ትንሽ ሲሳብለት ይሻለዋል? ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ ወይ ሚኒሞን የሚመግበው ቀጭን ቀዳዳ ተደፍኗል፣ ወይ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ይስባል። ቾክ ሲሳብ ይባስ ይታፈናል? በዝቶበታል፤ የአየር ፊልትሮው የመንዝን አቧራ ጠጥቶ ይሆናል። በጠዋት ደህና ሆኖ ሲግል ብቻ የሚጠፋ ፎር ስትሮክ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ይለካ፤ ክፍተቱ ጠብቦ ቫልቩ ሲግል በደንብ ካልተዘጋ፣ ብሎን እስኪበጠስ ቢጠበቅ ለውጥ የለም። የሰልባትዮው ክዳን ሲከፈት የሚሻለው ከሆነ ደግሞ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ይኼኛው በነፃ የሚጠገን ነው፤ ስንት ካርቡሬተር በእሱ ጦስ እንደተቀየረ ግን እግዜር ይወቀው።

ቤንዚኑም ራሱ ይጠየቅ። ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውሃም ነጭ ጋዝም ሊኖርበት ይችላል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማየት በቂ ነው፤ ውሃ ካለ ከታች ተንጠባጥቦ ይቀመጣል። ይህን የማያደርግ ጋራዥ ቀዳዳዋን በሽቦ ይወጋል። ሽቦው ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ ያነሰው ቤንዚን ከእንግዲህ ይበዛል፤ ሞተሩም አሁንም ይጠፋል፣ በሌላ ምክንያት።

መካኒኩን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለምንድን ነው? ለዕቃ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠይቆ፣ ነድቶ፣ ፈትቶ፣ «ገመዱ ላልቶ ነው» ያለ መካኒክ ምን ያገኛል? «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል የጠየቅከኝ?» የሚል ፊት። ካርቡሬተር ቀይሮ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ያስረከበው ግን ሳይከራከር ይከፈለዋል። ስለዚህ መካኒኩ የተማረው ደንበኛው ያስተማረውን ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ይብሳል። ለግብርና ወይም ለጤና ባለሙያ የተሰጠ ሞተር ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ሲመለስ ለግዥ ክፍሉ የሚቀርበው የሚገዛ ዕቃ ስም ነው። «ምርመራ፣ አንድ ሰዓት» ብሎ ደረሰኝ የሚያመጣ ሰው ኦዲተር ፊት ምን ሊል ነው? ዕቃው ይገዛል፣ ጥፋቱ ይቀራል፣ ሞተሩ መጋዘን ጥግ ይቆማል፣ ባለሙያው በእግሩ ይሄዳል፤ ክትባቱም ምርጥ ዘሩም ይዘገያል። የጓሳ ሣር ለዘመናት የተጠበቀው መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚወስን፣ ሲጣስም የሚጠይቅ ኃላፊ ስለነበረው ነው። የቢሮ ሞተር የጋራ ንብረት ሆኖ ሳለ «ለምን ጠፋ?» ብሎ የሚጠይቅለት አንድ ሰው እንኳ የለውም።

በዚህ መሐል ካርቡሬተር የሌላቸው፣ ቤንዚን በኢንጄክሽን የሚረጩ ሞተሮች እየመጡ ነው። ሚኒሞአቸውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ካቻቢቴ የሚገባበት ብሎን የለም። እነሱም ቆሻሻ ሲይዛቸው ፍጥነት ሲቀንስ ይጠፋሉ። ወረዳዎች እነዚህን ከመረከባቸው በፊት በጥገና መጠየቂያው ላይ ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ አንዱ ነጂው «መቼ ነው የሚጠፋው?» ለሚለው የሚመልስበት፣ ሌላው ለመካኒኩ የምርመራ ሰዓት የሚከፈልበት። ሚኒሞ የጨመረ ደግሞ ለምን እንደጨመረ ጽፎ ይፈርም።