ጥፋቱ የራሙ ነውን ወይስ የመሰኪያው?

በየሳምንቱ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የብዙ ቤተ ሰብን ችግር የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው፥ መልሱን ለጸሐፊው ብቻ ከመላክ ይልቅ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ልንገልጸው ወደድን። ደብዳቤውን የጻፉልን አባት እንደሚሉት፥ በቤታቸው ያለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሥራ በተያዘበት ሰዓት ድንገት ሰማያዊ ገጽ ያሳይና ይጠፋል፤ ተመልሶ ይነሣል፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ደግሞ ይወድቃል። የተጠራው ጠጋኝ ራሙ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ራም አስገዛቸው፤ ኮምፒዩተሩ ግን መውደቁን አልተወም። ሁለተኛው ጠጋኝ ደግሞ ማዘርቦርዱ እንዳለ ይለወጥ ይላል። የሴት ልጃቸው የመመረቂያ ጽሑፍ በዚሁ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚገኝ፥ ቤተ ሰቡ በሙሉ በጭንቀት ላይ መሆኑን ገልጸውልናል።

ስለ ገንዘቡ ከመናገራችን በፊት ስለ ጽሑፉ እንናገራለን። ራም ማለት ኮምፒዩተሩ የያዘውን ሥራ እስኪፈጽም ድረስ ነገሩን ሁሉ ለጊዜው የሚያኖርበት ስፍራ ነው፤ ልጅቱ የምትጽፈው ቃል ወደ ዲስኩ ከመድረሱ በፊት በዚያ በኩል ያልፋል። በታላላቅ ድርጅቶች ኮምፒዩተሮች ላይ ስሕተቱን ራሱ እያየ የሚያርም ራም ይገኛል፤ በየቤታችን ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ዲዲአር 5 የሚባለው አዲሱ ራም በውስጡ የሚያርም ነገር ቢኖረውም፥ ከራሙ ወደ ፕሮሰሰሩ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚደርሰውን ስሕተት አይከለክልም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ መውደቁ የሚታይ ጉዳት ነው፤ ከዚህ የሚከፋው ግን ማንም ሳያይ ተዛብቶ በዲስክ ላይ የሚጻፈው ነው። ምርመራው ሳይጀመር ዲስኩ ወጥቶ ደኅና በሆነ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካና ጽሑፉ ይቀዳ፤ ቅጂውም ተከፍቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ። ከዚህ በፊት በፍላሽ የተቀመጠ የቆየ ቅጂ ካለ በአዲሱ አይደምሰስ፤ ያልተዛባው ምናልባት እርሱ ሊሆን ይችላልና።

የፊተኛው ጠጋኝ ግምት ከንቱ ነበር አንልም። በጉግል ኮምፒዩተሮች ላይ ተደርጎ በ2009 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶው ራም ከ8 የሚበልጠው ስሕተት ማሳየቱን ገልጿል። ነገር ግን ራም መጠርጠሩ አንድ ነገር ነው፥ የተሰካበትን ስፍራ ሳይፈትሹ በራሙ ላይ መፍረድ ሌላ ነገር ነው። በዲዲአር 4 የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ራም ጠርዝ ላይ ወርቅ የተለበጡ 288 መገናኛዎች አሉ፤ እነዚህም በመሰኪያው ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ሽቦዎች ጋር መገናኘት አለባቸው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ አቧራ ቢያርፍ፥ ወይም አንዱ ሽቦ ቢጎብጥ፥ ደኅናው ራም እንደ ታመመ ይቈጠራል። አዲሱም ራም በዚያው መሰኪያ ከገባ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል፤ የእኒህ አባት ነገርም ይህንኑ ይመስለናል።

ፍርዱ የሚገኘው አንዱን ብቻ እየለወጡ በመፈተን ነው። አስቀድሞ፥ ራሙን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ የሚያስሮጠው ኤክስ ኤም ፒ የሚባለው ትእዛዝ በባዮስ ውስጥ ተከፍቶ እንደ ሆነ ይዘጋ፤ ብዙ ኮምፒዩተር በዚህ ብቻ ይወድቃልና። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ይጥፋ፥ ገመዱ ይነቀል፥ ማብሪያው አንድ ጊዜ ተጫን ተደርጎ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ፈታኙ የሣጥኑን ብረት ነክቶ ራሱን ከኤሌክትሪክ ካራቀ በኋላ፥ ራሞቹን በጠርዛቸው ይዞ ያውጣና አንደኛውን ሀ፥ ሁለተኛውን ለ ብሎ ምልክት ያድርግባቸው። ሀን ብቻ በአንደኛው መሰኪያ አስገብቶ መያዣው ቀጭ እስኪል ይጫነው፤ ከዚያም ይፈትነው። ቀጥሎ ያንኑ ሀን ወደ ሁለተኛው መሰኪያ ያዛውር። ለንም እንዲሁ። የእያንዳንዱን ውጤት ወዲያው በወረቀት ይጻፍ እንጂ በቃሉ አይያዝ፤ በአራተኛው ፈተና ላይ የመጀመሪያው ይረሳልና። ኮምፒዩተሩ ከአንዱ መሰኪያ በጭራሽ አልነሣም ቢል ግን ለመፍረድ አይቸኩል፤ ነጠላ ራም በየትኛው መሰኪያ መግባት እንዳለበት የማዘርቦርዱ መጽሐፍ ይናገራልና እርሱን ይመልከት።

ለፈተናው በዊንዶውስ ውስጥ የሚገኘው የሜሞሪ መመርመሪያ ይጠቅማል፤ ከፍላሽ ላይ የሚነሣው ሜምቴስት 86 ግን የበለጠ ጥልቅ ስለ ሆነ እርሱን እንመርጣለን። ማታ አስጀምሮ ሌሊቱን አራት ዙር ማስኬድ ነው። አንዲት ስሕተት እንኳ ብትታይ በቂ ማስረጃ ናት። ስሕተቱ ራሙን ተከትሎ ከመሰኪያ ወደ መሰኪያ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው፤ ራሙ ቢለዋወጥም ስሕተቱ ባንድ መሰኪያ ላይ ከቀረ የመሰኪያው ነው። በአራቱም ፈተና ስሕተት ከታየ ወደ ኤሌክትሪክ መስጫውና ወደ ፕሮሰሰሩ መመልከት ይገባል። በአንዱም ካልታየ ደግሞ አውጥቶ መልሶ መሰካቱ ብቻ አድኖት ሊሆን ይችላል፤ ይህም እምብዛም የሚያስደንቅ አይደለም።

መሰኪያው ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ በተጨመቀ አየር ይነፋ እንጂ በአፍ አይተነፈስበት፤ እርጥበት ይገባዋልና። የራሙ ጠርዝ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። አንዳንድ ጠጋኞች በእርሳስ ላጲስ ሲፈትጉት እናያለን፤ እኛ ግን አንወደውም፤ ወርቁን ያሳሳል፥ ፍርፋሪውም ወደ መሰኪያው ይገባል።

ማዘርቦርዱን ስለ መለወጥ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ኤ ኤም ዲ በ2003፥ ኢንቴልም በ2008 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ራሙን የሚያዝዘውን ክፍል ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ማግባት ስለ ጀመሩ፥ ከመሰኪያው የሚነሣው መንገድ በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ ይደርሳል። በፕሮሰሰሩ ሥር ያለ አንድ ሽቦ ቢጎብጥ፥ ወይም ማቀዝቀዣው ባንድ ወገን ብቻ ጠብቆ ቢታሰር፥ መሰኪያው የሞተ ይመስላል። ይህንን ሳያይ ማዘርቦርድ የሚያስገዛ ጠጋኝ፥ የባለቤቱን ገንዘብ በግምት ያወጣል ማለት ነው።

መሰኪያው ከቶ የማይድን ቢሆን እንኳ፥ በደኅናው ብቻ መሥራት ይቻላል። ሁለቱ ራሞች ባንድነት ሲሠሩ የሚገኘው ፍጥነት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ለመጻፍ ባለ 8 ጊጋባይት አንድ ራም ይበቃል። እኒህ አባት የቀድሞውን ራም ጥለውት ካልሆነ፥ እርሱንም በደኅናው መሰኪያ ይፈትኑት፤ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘም አዲሱን ከነመያዣውና ከነደረሰኙ ይዘው ወደ ሻጩ ቢሄዱ፥ ይመልስላቸው እንደ ሆነ ይጠይቁት።